ዕድሜያችንን ያወቀው ኮምፒውተር

ሰው ሁሉን ነገር በትክክል ቆጥሮ ሁለት ነገር ላይ ሲደርስ ይሳሳታል፤ የራሱ ዕድሜና የጎረቤቱ ሀብት ላይ። የራሱን ይቀንሳል፤ የጎረቤቱን ይጨምራል። ይህ የሒሳብ ድክመት ነው እንዳትሉኝ። በሁለቱም ላይ ሲሳሳት ወደየት አቅጣጫ መሳሳት እንዳለበት አሳምሮ ያውቃል።

እኔ ቆጣሪ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ የገባሁት ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ነው። የተሸከምኩትን የሚቆጥረው አሠሪዬ ስለነበር ሁልጊዜ ማታ ላይ አንድ ሁለት ጆንያ ይጎድልብኝ ነበርና፣ ከፊደል በፊት ቁጥር ተማርኩ። ፊደሉን ቆይቼ በማታ ትምህርት ደረስኩበት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከመካኒሳ ወዲያ፣ ወደ ላፍቶ ማሳ ሲወጣ ባለው የልብስ ስፌት ፋብሪካ የንብረት ክፍል ኃላፊ ለመሆን በቃሁ። ፋብሪካው ድሮ የአንድ ጣልያን ነበር፤ ኋላ የሕዝብ ሆነ ተባለ። የሕዝብ ከሆነ ወዲህ የሚጠፋው የሸሚዝ ቁልፍ በዛ። ለካስ ባለቤት ሲበዛ ንብረት ያንሳል።

ሚስቴ ሽንኩርት ገዝታ ስትመጣ እቆጥራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ዓምዱን እቆጥራለሁ። በውይይት ክበብ ጓድ ካድሬው ስለ ንቃት ሲያስተምሩን ስንት ሰው እንዳዛጋ እቆጥር ነበር፤ ይህንን ግን ያኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሥራው መቁጠር ብቻ ከሆነ ማሽን ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል? እኔን የሆነው ይህ ነው።

ፋብሪካችን ኮምፒውተር ያገኘው ከብዙዎች ቀድሞ ነበር። ለማሽኑ አንድ ክፍል ተለቀቀለት። ምንጣፍ ተነጠፈለት፤ የአየር ማቀዝቀዣ ገባለት። ሦስት መቶ ሰው የሚሰፋበት አዳራሽ መስኮቱ ሳይከፈት አንድ ሣጥን አየር ተገዛለት እያሉ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ማጉረምረማቸው ግን በሹክሹክታ ነበር። በሩ ላይ «ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው» የሚል ተለጠፈ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኛ ጫማ አውልቁ የተባልነው በጸሎት ቤት ደጃፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሠራተኛ ደፉን ሲረግጥ ከንፈሩ በቀስታ ሲንቀሳቀስ ባይ አልገረመኝም። በዚያ ላይ ያ ምንጣፍ አንድ ውለታ ዋለልን፤ የሥራ አስኪያጃችን ካልሲ ከተረከዙ በኩል እንደኛው የተቀደደ መሆኑን ያወቅነው በእሱ ነው። በእኩልነት ረገድ ስንት ስብሰባ ያልሠራውን አንድ ምንጣፍ ሠራው።

የማሽኑ ባለሙያ ትዕግሥት ትባላለች። ነጭ ጋዋን የምትለብስ፣ ቶሎ የምትስቅ፣ ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ናት። ያ የመጀመሪያው ኮምፒውተር በጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ያወጣል፤ ሥራ ሲበዛበት ያቃስታል። ሲነሳ ሲወድቅ ግን የታመነ ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ቀን አያውቅም። ጠዋት ሲበራ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዛሬ ስንት ነው ብሎ ነው። ትዕግሥት ትነግረዋለች፤ በእኛው አቆጣጠር። ጥቅምት ሃያ ስምንት ሲደርስ ግን ጣጣ ይመጣል። ለእኛ ጥቅምት ሁለተኛው ወር ነው አይደል? ማሽኑ ደግሞ በተሠራበት አገር ልማድ ሁለተኛው ወር ከሃያ ስምንት ቀን አያልፍም ባይ ነው። ሃያ ዘጠኝ ስትለው፣ የለም እንዲህ ያለ ቀን፣ ብሎ ይሞግታታል። እሷም ሃያ ስምንት ላይ አቁማው ኅዳር ሲጠባ ታስነሳዋለች። ጳጉሜንንማ ከነጭራሹ አያውቃትም። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ሲሰማ ይደነግጣል። ስለዚህ ጳጉሜን በመጣች ቁጥር ትዕግሥት ጨርቅ ታለብሰውና ዓመት እረፍት ታስወጣዋለች። በፋብሪካው እረፍቱን ሳያስተላልፍ የሚወስድ ሠራተኛ እሱ ብቻ ነበር።

በ1981 ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ አዲሱ መጣ።

ካርቶኑን አራት ሰው ተሸክሞ አስገባው። እንደ ደንቡ የምረከብ እኔ ነኝና አንድ በአንድ አስቆጥሬ ተረከብኩ፤ ገመዱን፣ የፊደል ሰሌዳውን፣ ባለ ቀለሙን መስታወት። ዕቃው እንዳይሰበር የታሸገበትን እንደ በረዶ ነጭ፣ እንደ ጥጥ የቀለለ ነገር ሳይቀር ቆጠርኩ፤ እሱ ግን በማግስቱ በግማሽ ጎደለ፤ ሠራተኛው ለልጁ መጫወቻ እየቆረሰ ወስዶታል። ከከተማ የመጣው ቴክኒሻን ገመዱን ሰካክቶ ቁልፉን ሲጫን በመስታወቱ ላይ ሰማያዊ ተከፈተ፤ በሰማያዊው ላይ ቢጫ ጻፈ፤ ከቢጫው ሥር ቀይ መስመር አሰመረ። አረንጓዴ ለለመደ ዓይን ያ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ክረምቱን ሙሉ ደመና ውሎ አንድ ቀን መስከረም ሲፈነዳ ያያችሁትን አስቡ። ካልሲ በእግራችን፣ እጃችን በደረታችን ቆምን።

እኔን ያሰረኝ ግን ቀለሙ አይደለም። ቴክኒሻኑ ሲወጣ እንደ ዋዛ፣ «ይሄኛው ቀኑን ራሱ ያውቃል፤ መንገር አያስፈልግም» አለ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋስ አልኩት። ቢጠፋም ያውቃል አለኝ። ይህን እንዴት ልመን? ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ ቆጣሪም ቆጣሪን አያምንም። ዓርብ ማታ ገመዱን ከግድግዳው በገዛ እጄ ነቀልኩ። የግምጃ ቤቱን ቀይ ሰም አቅልጬ ማስገቢያውን አሸግኩት፤ ማኅተሜንም አሳረፍኩበት። የክፍሉንም ቁልፍ ይዤ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ትዕግሥት እያየች ማኅተሙን ሰብሬ ሰካነው። በራ። ዕለቱ ሰኞ ነው አለ። ሰዓቱንም እስከ ደቂቃው ተናገረ።

ሰዓቱ ላይ እንኳ ጥቂት አንገራግሬ ነበር። የእጄ ሰዓት ሁለት ተኩል ሲል እሱ ስምንት ተኩል ይላል። ትዕግሥት ሳቀችና፣ «ጋሽ ደምሴ፣ በፈረንጅ ነው እኮ የሚቆጥረው» አለችኝ። ይሁን አልኩ። እንግዳ ነው፤ አገሩን እስኪለምድ በልማዱ ይኑር። እኔም አዲስ አበባ ስገባ ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ነገሩ ግን በአንጎሌ ውስጥ አደረ። ሰው በሌለበት ክፍል፣ በተቆለፈ በር ውስጥ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ፣ ቅዳሜንና እሑድን ሙሉ ሰከንድ በሰከንድ ሲቆጥር ሰነበተ ማለት ነው። እኔ እንኳ ስተኛ አልቆጥርም። ይህን ለማን ላውራው ብዬ ወደ በሩ ሄድኩና ለዘበኛችን ለሃምሳ አለቃ ወርዶፋ ነገርኩት። ወርዶፋ ድሮ ወታደር የነበረ፣ በሰውም በመሣሪያም ቶሎ የማይደነቅ ሰው ነው። ሰምቶኝ ሲያበቃ ኮፍያውን አወለቀና፣ «ታዲያ ማንን ነው የሚቆጥረው?» አለኝ።

አዲሱ ሲሾም አሮጌው ሊሻር ግድ ነው። የመንግሥት ንብረት ደግሞ እንዲሁ አርጅቷል ተብሎ አይጣልም። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ከፊት ያየዋል፣ ከኋላ ያየዋል፣ በእርግጥ አርጅቷል ብሎ ይፈርማል። እኔ ሰብሳቢ ነበርኩ። አሮጌውን ኮምፒውተር አስገልብጬ ከጀርባው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ፣ የተሠራበትን ዘመን ሳይቀር፣ አንድ አኀዝ ሳላዛንፍ ገለበጥኩና የማስወገጃውን ማመልከቻ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላክን። ፈቃዱ እስኪመጣ ከግምጃ ቤቴ ጥግ፣ ከተሰበሩት የስፌት መኪናዎች አጠገብ አስቀምጬ ጆንያ አለበስኩት። ትዕግሥት ተሰናብታው ስትወጣ አፍንጫዋን ጠረገች። አቧራው ነው አለች።

ከመሰናበቱ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ ለአዲሱ አስተላልፎ ነበር። የሠራተኛው ስም፣ ደመወዝ፣ የቅጥር ዘመን፣ የትውልድ ዘመን፤ የዓመታት ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈ። እኔ ግምጃ ቤት ስረከብ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኝ፣ ከአስረካቢው ጋር ሁለት ጊዜ ተጣልቼ ነው። እነሱ ሳይጣሉ ጨረሱ።

በመጋቢት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው አቶ ይልማ በዚያ ዓመት ሃምሳ አምስት የሞላቸውን ሰዎች ስም አውጪልኝ ብሎ ትዕግሥትን አዘዛት። ሃምሳ አምስት ከሞላ ጡረታ ነው። በየዓመቱ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሰው ይወጣ ነበር። ለእያንዳንዱም ፋብሪካው አንድ ብርድ ልብስ ይሸልማል። እኔም በግምጃ ቤት ስምንት ብርድ ልብስ ስለነበረኝ፣ ስንቱን ላውጣ ብዬ ልጠይቅ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የገባሁት ማተሚያው ሥራ ሲጀምር ነው። እየጮኸ አንድ ስም ጻፈ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። አላቆመም። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተጣጠፈ፤ እግሬ ጋ ደረሰ። ትዕግሥት አፏን በእጇ ያዘች። አቶ ይልማ ገጹን ደጋግሞ አገላበጠ። ሲያበቃ ቆጠርኩት፤ መቶ አሥራ ሰባት ሰው።

ሃያ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ደምሴ፤ የትውልድ ዘመን 1933፤ ዕድሜ ሃምሳ ስድስት።

እዚህ ላይ ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ለምን እንደደነገጥኩ አይገባችሁም። በእኛ ጊዜ የልደት ወረቀት ያለው ማን ነው? ስንቀጠር ጸሐፊው ቀና ብሎ አይቶን፣ ስንት ዓመትህ ነው ይለናል። አዋቂ የሆነ ሁሉ ቀነስ አድርጎ ይናገራል። ያልቀነሰውን ጸሐፊው ራሱ ይመክረዋል፤ ኋላ ታመሰግነኛለህ ይለዋል። ይህ እንደ ውሸት አይቆጠርም፤ ብርድ ሳይመጣ ጋቢ እንደመደረብ ያለ ጥንቃቄ ነው። ዘመኑም ለዚህ የተመቸ ነበር። ጎረምሳው ለውትድርና እንዳይደርስ ይቀንሳል፤ ሽማግሌው ለጡረታ እንዳይደርስ ይቀንሳል። አገሩ በሙሉ ከዓመት ዓመት እያነሰ ይሄድ ነበር።

እኔን እናቴ የነገረችኝ፣ ጣልያን ሲገባ በጀርባዋ አዝላኝ እንደሸሸችና ሦስት ዓመቴ እንደነበረ ነው። ጣልያን የገባው በ1928 ነው። ስለዚህ እውነተኛው ዘመኔ 1925፤ ለፋብሪካው የነገርኩት 1933። እስቲ አብራችሁኝ አስሉ። ከ1925 እስከ 1981 ስንት ነው?

ሃምሳ ስድስት!

አንድ አልጨመረ፣ አንድ አልቀነሰ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ሚስቴ እንኳ የምታውቀው የፋብሪካውን ዕድሜ ነው። ከእኔና ከፈጣሪዬ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ያ ሣጥን፣ በመጣ በወሩ፣ በወረቀት ላይ ጽፎ እግሬ ሥር ጣለው። ብዙ ነገር ፈርቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼም ተደንቄም አላውቅም። ጫማዬን ሳላደርግ፣ በካልሲ፣ እስከ ግምጃ ቤቴ ድረስ ሄድኩ።

ስማችን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ጩኸት ይነሳል፣ ሰሌዳው ይሰበራል ብዬ ነበር። የሆነው ግን ዝምታ ነው። እያንዳንዱ እየቀረበ ስሙን ያይና፣ በጣቱ ጥቂት አስልቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ሁሉም እንደኔው የየራሱን ያውቃላ! አንዱ አምስት ቀንሷል፣ አንዱ አሥር፤ ማሽኑ በደፈናው የሰጠውን ከእውነተኛው ጋር ሲያስተያይ ያን ያህልም አልራቀበትም። ወርዶፋ ጆሮዬ አጠገብ መጥቶ፣ «ደምሴ፣ አወቀብን» አለኝ። ከማን ሰማ አልኩት። «አንተው አይደለህ ጨለማ ውስጥ ሲቆጥር ይከርማል ያልከኝ? የሚቆጥረው እኛን ነበር» አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ያርሙት ይሆናል ያለ አንድ ሁለት ሰው ነበር። የእሳቸውም ስም ስምንተኛ ተራ ላይ መገኘቱን ሲያይ ተስፋ ቆረጠ። በመዝገቡ አርባ ዘጠኝ የነበሩት ሰው ሃምሳ ሰባት ተብለዋል። ሰሌዳው ፊት ቆመው ሁለት ጊዜ ሳሉና፣ «ጓዶች፣ ሳይንስ አይሳሳትም» ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ። በሳቸው ዘንድ ስንት ዓመት እንደተቀነሰ ሳላቸው ነገረኝ።

በሳምንቱ መጨረሻ ሁላችንም አንድ ወረቀት ላይ እንድንፈርም ታዘዝን። «ዕድሜዬ ሃምሳ አምስት መሙላቱን አምኜ ጡረታዬን ተቀብያለሁ» ይላል። ጡረታው እጅ አይሞላም፤ ሁለት ልጆቼ ደግሞ ገና ተማሪ ናቸው። ከዚያም በላይ፣ ቤት ውዬ ምን እቆጥራለሁ? ሚስቴ ወሬውን ስትሰማ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረችው። «ቤት ልትውል? ሽንኩርቴን እንግዲህ እሰውረዋለሁ» አለች። ቢሆንም ፈረምኩ። ምን ብዬ እከራከራለሁ? እውነቴን ለያዘ ማሽን ውሸቴን ይዤ ልቅረብ?

መቶ አሥራ ስድስት ሰው ፈረመ። አንድ ሰው እምቢ አለ።

እሱ ማቴዎስ ነው። የስፌት መኪና ጠጋኝ፣ ከወላይታ የመጣ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ጴንጤ ነው ይባል ነበር፤ በዚያ ጊዜ ይህ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚኖሩበት ነገር ነው። አባቱ የወንጌል አስተማሪ ስለነበሩ የልጆቻቸውን የልደት ቀን ጽፈው ያኖሩ ነበር፤ ማቴዎስም ሲቀጠር ያንኑ ቀን ተናገረ። ጸሐፊው ቀንስ ቢለው፣ ከየት ላይ ልቀንስ አለው ተብሎ ለብዙ ጊዜ ተስቆበታል። አሁን ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ «ይህ ስህተት ነው፤ እኔ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው» አለ። ከኋላው የነበረው ሁሉ በአንድ አፍ፣ ዝም በል፣ አለው። አንተ ማን ነህ ማሽኑን የምታስዋሽ አሉት። ወርዶፋማ ክንዱን ይዞ ገለል አደረገና፣ «ወንድሜ፣ ባንተ የተነሳ ምርመራ ቢመጣ፣ ከሃምሳ አምስት ወዲህ የበላነውን ደመወዝ መልሱ ቢሉንስ? ጡረታችን ራሱ ቢቀርስ? እባክህ አርጅልን!» ብሎ ለመነው።

እምቢ ሲል እኔ ተላክሁ። ሽማግሌ ነህ፣ ለምነው ተባልኩ። አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ከሥራ ስንወጣ ላፍቶ ካለችው የጭቃ ቤቱ ሄድኩ። ስድስት ልጆች አሉት፤ ስገባ ቆጠርኳቸው። ትንሿ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች። ስኳሩን አስቀምጬ ሰፊ ንግግር አደረግሁለት። ዝምታ ወርቅ መሆኑን፣ ብዙኃን ያሉት እውነት መሆኑን፣ ጡረታም ቢሆን ከጦሱ እንደሚሻል ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያም ቀና ብሎ፣ በፍጹም ትሕትና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለኝ።

ከዚያች ቀን በፊት ቁጥር አፌ ላይ ቆሞ አያውቅም። አርባ ስምንት ልል ከንፈሬን ከፈትኩ፤ ሃምሳ ስድስት ልል ዘጋሁት። ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል። «እሱ እንኳ... በማሽኑ አለ» አልኩት። ማቴዎስ አልሳቀብኝም። «እኔ ጡረታውን ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ እነዚህን ማብላት አለብኝ፣ እሱ እውነት ነው» አለ ልጆቹን እያየ። «ግን ያ ወረቀት አምኜ ይላል። ያላመንኩትን አምኜ ብዬ ልፈርም?» ስኳሩን መልሶ አስያዘኝ። ሚስቱ ግን በሩ ላይ፣ ቀስ ብላ፣ የልጆቹን ሻይ ያያሉ አይደል ብላ ተቀበለችኝ። በየቤቱ አንድ ሒሳብ የሚገባው ሰው አይጠፋም።

በማግስቱ ማቴዎስ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ልግባ አለ። ብቻውን አይግባ ብዬ እኔም ተከተልኩት። ጫማችንን አወለቅን። ካልሲው በጥሩ ክር የተጠገነ ነበር፤ የጠጋኝ ካልሲ! ትዕግሥትን፣ «እህቴ፣ እባክሽ ስለኔ የሚያውቀውን ጠይቂልኝ» አላት። እሷም ነካካችና አነበበች። ማቴዎስ፤ የትውልድ ዘመን 1934። ትክክል ነው አለ። ዕድሜ፤ ሃምሳ አምስት። «ይህን ከየት አመጣው?» አላት። ትዕግሥትም፣ ከዛሬው ዓመት ላይ የትውልድህን ዓመት ቀንሶ ነው፣ ማለት ዛሬ... ብላ በመስታወቱ ጥግ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ልታነብ ጎንበስ አለች።

«ዛሬ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ...» አለችና ቆመች። «ሰማንያ ዘጠኝ።»

የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ይነፍሳል። ከዚያ ትዕግሥት ግንባሯን መታች፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ትስቅ ጀመር፤ እንባዋ በጋዋኗ ላይ እስኪወርድ ሳቀች። አሮጌው ቀን ስለማያውቅ እሷ በእኛው ዘመን ትነግረው ነበር። አዲሱ ራሱ ስለሚያውቅ ማንም አልነገረውም። በእኛ ዘመን ወለደን፤ በፈረንጅ ዘመን ቆጠረን፤ በመሀሉ ለሁላችንም ያልኖርነውን ስምንት ዓመት ደለደለን።

ወሬው አዳራሹ ሲደርስ የተነሳውን እልልታ ላፍቶ ሰምቶታል። ወርዶፋ በሩን ትቶ ማቴዎስን ተሸከመው። ሥራ አስኪያጁ ወጥተው ማሽን ሰውን አይተካም፣ እኔ ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር የሚል ንግግር አደረጉ። ደስታችንን ያደበዘዘው አቶ ይልማ ብቻ ነው። የፈረምንባቸውን ወረቀቶች ታቅፎ መጣና፣ የእውነት ግራ ገብቶት፣ «ስህተት ከነበረ ታዲያ መቶ አሥራ ስድስታችሁ አምኜ ብላችሁ ለምን ፈረማችሁ?» አለ። ሁሉም እኔን አየ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ለሳይንስ ካለን አክብሮት የተነሳ ነው» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ፈጥነው ጭብጨባውን ጀመሩ። ወረቀቶቹም ያን ከሰዓት በኋላ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ተቃጠሉ፤ አንድም ሳይቀር ቆጥሬ ያቃጠልኩ እኔ ነኝ።

እንዲህ ሆኖ ሁላችንም ወደ ውሸታችን በሰላም ተመለስን። እኔን ግን መደነቁ አለቀቀኝም። ማሽኑ ተሳስቶ ነው ተባለ፤ ደግ። ታዲያ ተሳስቶ እንዴት የእኔን እውነት አገኘው? እኔ ስምንት ቀነስኩ፤ እሱ ስምንት ጨመረ፤ የእኔ ስህተትና የእሱ ስህተት በጨለማ ተገናኝተው እውነት ሆኑ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚህ መንገድ ይጠራል ብሎ የነገረኝ ግን የለም።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በግንቦት ከዋናው መሥሪያ ቤት ስለ አሮጌው ኮምፒውተር መልስ መጣ። ማመልከቻችን ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱን በቀይ አስምረውበታል። እኔ ከጀርባው ላይ አንድ አኀዝ ሳላዛንፍ እንደገለበጥኩት፣ ዕቃው የተሠራው በ1983 ነው፤ ኮሚቴው በእርጅና ይወገድ ያለው ግን በ1981 ነው። ሊሠራ ገና ሁለት ዓመት የቀረው ንብረት አርጅቷል ሊባል ስለማይችል ባስቸኳይ ወደ ሥራ ይመለስ ይላል። ማኅተም አለው፤ ሁለት ፊርማ አለው።

ጆንያውን አወለቅንለት። ቦታው በአዲሱ ስለተያዘበት ወደ እኔ ክፍል ተመደበና የሸሚዝ ቁልፍ እንዲቆጥር ተደረገ። ትዕግሥት ጠዋት ጠዋት እየመጣች ቀኑን ትነግረዋለች።

አስቡት እስቲ። እኛ መቶ አሥራ ሰባት ሰዎች፣ ማቴዎስን አውጡና መቶ አሥራ ስድስት፣ ሰባት ስምንት ዓመት ቀነስን ብለን ስንት ዘመን ስንሳቀቅ ኖርን! እሱ ግን ጥግ ተቀምጦ፣ ምንም ሳይናገር፣ ገና አልተወለድኩም ብሎ በመንግሥት ማኅተም አስጸደቀ። ዕድሜ መቀነስ ማለት እንዲህ ነው። አዲሱ ያለበት ክፍል ስገባ ጫማዬን የማወልቀው በሩ ላይ ስለተለጠፈ ነበር፤ የእኔ ክፍል ግን ምንጣፍም የለውም፣ የተለጠፈም ነገር የለበትም። በአሮጌው ፊት የማወልቀው በፈቃዴ ነበር።